ልሙጡ ድንጋይና ሻካራው እውነት

«ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ዘመን…» እያሉ ነበር አያቶቻችን ተረት የሚጀምሩልን። እኛም ልጆቹ፣ ድንጋይ እንዴት ዳቦ ሊሆን ይችላል ብለን ሳንጠይቅ ጆሯችንን አቁመን እናዳምጥ ነበር። ዛሬ ለአንባቢ ላወጋው የፈለግሁት ግን ድንጋይ መድኃኒት ስለሆነበት ዘመን ነው። ዘመኑ ሩቅ አይደለም፤ የእኛው ነው። ነገሩም ተረት አይደለም፤ በገዛ ቤታችን የደረሰ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አሜሪካን አገር፣ ሜሪላንድ ውስጥ የምትኖረው ታናሽ እህቴ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በመንገደኛ እጅ ለእናታችን አንዲት ትንሽ ሣጥን ላከች። እናቴ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ሣጥኗን ሳመቻት፤ ከዚያ ከፈተቻት። ከውስጧ በጥጥ የተጠቀለለ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ሰማያዊ ድንጋይ ወጣ። ሰማያዊነቱ ደማቅ አይደለም፤ ወተት ጠብ የተደረገበት ውሃ ነው የሚመስለው። ነጫጭ መስመሮች እንደ ጅማት ያቋርጡታል። ዙሪያውን ተወልውሎ ልሙጥ ሆኗል፤ ጣት ሲያርፍበት ያንሸራትታል። መዳፍ ላይ ሲያስቀምጡት መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፤ ቆየት ሲል ግን የሰውን ሙቀት ይቀበላል።

ከድንጋዩ ሥር በእንግሊዝኛ የታተመች ወረቀት ነበረች። «እስቲ አንብብልኝ፣ ምን ትላለች ልጄ?» አለችኝ እናቴ። ልጇ የጻፈችው መስሏታል። የልጇ ደብዳቤ አለመሆኑን ነገርኳትና እየሳቅሁ ተረጎምኩላት። ወረቀቷ እንደምትለው ይህ ድንጋይ ሰማያዊ ካልሳይት ይባላል፤ ጭንቀት ያስወግዳል፤ እንቅልፍ ያመጣል፤ የደም ግፊት ዝቅ ያደርጋል። የመጨረሻዋ ላይ ስደርስ ሳቄ ሳይብስ አልቀረም። እናቴ ግን አልሳቀችም። ዕድሜዋ ሰባ ዘጠኝ ነው፤ ከግፊት ጋር መኖር ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት አልፏታል። ድንጋዩን አገላብጣ አየችና «ጨሌ ነገር እንዳይሆን ብቻ» አለች። እንዳልሆነ ካረጋገጥኩላት በኋላ ከጸሎት ቦታዋ አርቃ፣ ስልኳን ከምታኖርበት ኮሞዲኖ ላይ አስቀመጠችው።

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ካልሳይት ለእኔ እንግዳ አይደለም። ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በምድር ላይ እጅግ ከተለመዱት ማዕድናት አንዱ። የኖራ ድንጋይ የምንለው በአብዛኛው ካልሳይት ነው። እምነ በረድም እንዲሁ። የእንቁላል ቅርፊት የሚሠራው ከዚሁ ነው። ባሌ ውስጥ የወይብ ወንዝ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የፈለፈለው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ሙገር ላይ ተፈጭቶና ተቃጥሎ ሲሚንቶ የሚሆነውም የኖራ ድንጋይ ነው። ስለዚህ በሲሚንቶ ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ከካልሳይት ጋር የሥጋ ዝምድና ባይኖረው የግድግዳ ዝምድና አለው።

ንጹሕ ካልሳይት ቀለም የለውም። ቀለም የሚመጣበት ማዕድኑ ሲፈጠር በገባበት ጥቂት ባዕድ ነገር ወይም በውስጥ አሠራሩ ጉድለት ነው። ሰዎች የሚወዱለት ውበት፣ እንግዲህ፣ ከንጽሕናው የተገኘ አይደለም። ሰማያዊው ለገበያ የሚወጣው በተለይ ከሜክሲኮና ከማዳጋስካር ነው። ጠንካራ ድንጋይም አይደለም። ፍሪድሪክ ሞስ የተባለው የማዕድን ሊቅ በ1812 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10 ሲሆን ካልሳይት 3 ብቻ ነው። ጥፍር አይጭረውም፤ የወጥ ቤት ቢላዋ ግን ይጭረዋል። አሲድ ሲነካው ደግሞ ይፈላል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች በመስክ ሲዞሩ ካልሳይትን የሚለዩት የቀጠነ አሲድ ጠብ አድርገውበት ነው።

ይህን ሁሉ አውቅ ስለነበር ወረቀቷን በንቀት ነው ያየኋት። ለመናቅም ምክንያት አላጣሁም። የዚህ ንግድ ስም አወጣጥ ራሱ ያስተዛዝባል። ሰማያዊ ካልሳይትና ቡናማ ድንጋይ የተቀላቀለበት «የካሪቢያን ካልሳይት» የሚባል አለ፤ የሚወጣው ከፓኪስታን ነው። በሌሙሪያ ስም የሚሸጥ ሌላ ሰማያዊ ካልሳይት አለ፤ የሚወጣው ከአርጀንቲና ነው። ሌሙሪያ ደግሞ ፊሊፕ ስክሌተር የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ በ1864 እ.ኤ.አ. «ሰጥሞ ይሆናል» ብሎ የገመተው፣ በኋላ ግን ጭራሹኑ እንዳልነበረ የታወቀ አህጉር ነው። ባልነበረ አገር ስም የሚሸጥ ድንጋይ የደም ግፊት ቢያወርድ ምን ይገርማል!

ጾሙ ሲጋመስ እናቴን ማዞር ጀመራት። ክሊኒክ ወሰድኳት። ግፊቷ ሲለካ 180 በ110 ሆኖ ተገኘ። ነርሷ «መድኃኒቱን በደንብ ይወስዳሉ እማማ?» ብላ ስትጠይቃት እናቴ መሬት መሬት አየች። ቤት ስንመለስ የክኒኑን ማሸጊያ አውጥቼ ቆጠርኩ፤ የሁለት ሳምንት ያህል ክኒን አልተነካም። ዓይኔ ወዲያው ኮሞዲኖው ላይ ወዳለው ሰማያዊ ድንጋይ ሄደ። ሌላ ምርመራ አላስፈለገኝም። ፍርዱን ሰጠሁ።

በዚያው ቅጽበት ሜሪላንድ ደወልኩ። እዚያ ገና ጧት ነው። «እናቴን በድንጋይ ልትገድያት ነው ወይ?» አልኳት እህቴን፤ ሌላም ሌላም አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ሎሚ ቆርጬ መጣሁ። «እማዬ፣ ይህ ድንጋይ ምን እንደሆነ ላሳይሽ» አልኳትና ሎሚውን ድንጋዩ ላይ ጨመቅሁት። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ብናኝ የመሰለ አረፋ ተነሣ። «ይኸው! ይፈላል። የኖራ ድንጋይ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ላይ ባደርገው እንደዚሁ ነው የሚፈላው። ለዚህ ብለሽ ነው መድኃኒትሽን የተውሽው?» ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ፊት የቆምኩ መሰለኝ። ደቂቃዎች አለፉ። አረፋው ሲያልቅ በመሐረብ ጠረግሁት። ሎሚው በነካው ቦታ ላይ አንድ ሳንቲም የሚያህል፣ ጠመኔ የመሰለ፣ ነጭና ሻካራ ቦታ ቀረ። ወለላው ጠፍቷል።

እናቴ ድንጋዩን ከእጄ ወሰደችና በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችው። ነጩ ቦታ አልለቀቀም። «ድንጋይ መሆኑን ማን አጣው ልጄ?» አለች ቀስ ብላ። «ልጄ ይዛው ነበር፤ እጇ ነክቶታል። እሱን ብዬ ነው ማታ ማታ የምይዘው።»

«ታዲያ ክኒኑን ለምን ተውሽው?»

ይህን ለመናገር ብዙ ተቸገረች። ክኒኑ ውሃ የሚያሸና ነው። በጾም በየቀኑ ቅዳሴ ትሄዳለች። ጧት ክኒኑን ከዋጠች ቅዳሴው ሳያልቅ ሁለትና ሦስት ጊዜ መውጣት ግድ ይሆንባታል። «ሰው አቋርጬ፣ በዚህ ጉልበቴ እየተደገፍኩ… አፈርኩ ልጄ» አለች። ለእኔ ለመናገርም አፍራለች፤ ወንድ ልጇ ነኝና። ከድንጋዩ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

ጥቂት ዝም ካልን በኋላ ድንጋዩን በመዳፏ እያገላበጠች፣ «ግን ማን ይሆን እንዲህ አድርጎ ያለሰለሰው?» አለች። ሃያ ስድስት ዓመት ካልሲየም ካርቦኔትን ሳስተምር ይህን ጥያቄ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ለእህቴ እንደገና ደወልኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር። ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ሣጥኗን በላከችበት ወር የሥራ ሰዓቷ ተቀንሶባት ነበር፤ ለእናቷ የምትልከው ገንዘብ አጥታለች። ወደ አውቶቡስ ስትሄድ በአንድ ሱቅ መስኮት ድንጋዩን አየችው። ቀለሙ ልጅ ሳለን ወተት የምንጠጣበትን ሰማያዊ ጣሳ አስታወሳት። በአሥራ ሁለት ዶላር ገዛችው። ወረቀቷ ከሱቁ ሣጥኑ ውስጥ የነበረች ናት፤ እሷ አንብባትም አታውቅም። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ልብ ይበሉልኝ። ድንጋይ ግፊት ያወርዳል የሚለውን ቃል ለእናቴ በአማርኛ የነገራት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም እኔ ነኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አእምሮዬን ሲያመላልሰው ከርሟል። የተናገርኩት እውነት ነበር። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ዘመድ ነው፤ ግፊት አያወርድም። ታዲያ እውነት ተናግሬ ሳለሁ እንዴት ነው የሳትኩት? ሰው እውነት እየተናገረ ሊሳሳት ይችላል?

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው «እሰይ! ሰው የተጽናናበትን ነገር ለምን ትነካበታለህ? ውሸትም ቢሆን ከጠቀማት ምን አለበት?» አሉኝ። በዚህ አልስማማም። እናቴ በእርግጥ ድንጋዩን አምና መድኃኒቷን ትታ ቢሆን ኖሮ መናገር ግዴታዬ ነበር፤ ዝም ማለት እሷን አሳልፎ መስጠት ይሆን ነበር። በዚህ ጉዳይ ምርምሩም አለ። ክሪስ ፍሬንች የተባሉ የለንደን የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር ለሰዎች የሚያብረቀርቅ የኳርትዝ ድንጋይ አስይዘው ምን እንደተሰማቸው ጠየቁ። ለግማሾቹ የሰጡት እውነተኛውን ሳይሆን አስመሳዩን ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ውጤት እንደሚያሳየው አስመሳዩን የያዙትም እንደ ሌሎቹ ሙቀትና መረጋጋት ተሰማን አሉ። ስሜቱ አልቀረም፤ የመጣው ግን ከድንጋዩ አይደለም። ይህን እያወቁ «ግፊት ያወርዳል» ብሎ ማተም ክፉ ሥራ ነው። ወረቀቱን አምኖ ክኒኑን የሚተው ሰው የሆነ ቦታ አይጠፋም።

ስለዚህ ስሕተቴ እውነት መናገሬ አይደለም። ስሕተቴን ለማግኘት ያገዘኝ ያው ካልሳይት ነው። ጥርት ያለ፣ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ የካልሳይት ዓይነት አለ፤ በተለይ ከአይስላንድ ይመጣ ስለነበር የአይስላንድ ድንጋይ ይሉታል። ራስሙስ ባርቶሊን የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በ1669 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ድንጋይ ጻፈ። አንድ መስመር ወረቀት ላይ አስምረው ድንጋዩን ቢያስቀምጡበት፣ በድንጋዩ ውስጥ የሚታየው መስመር ሁለት ነው። ብርሃኑ ድንጋዩ ውስጥ ሲገባ ለሁለት ስለሚከፈል ነው። እኔም ለተማሪዎቼ ስለዚህ አስተምሬያለሁ። ከሁለቱ መስመሮች የትኛው ነው ሐሰተኛው? አንዳቸውም አይደሉም። ሁለቱም ከአንድ መስመር የወጡ ናቸው።

እናቴ በመዳፏ የያዘችውም እንደዚሁ ነው። የኖራ ድንጋይ ዘመድ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ገንዘብ ያጣች ልጅ የልጅነት ጣሳዋን አስታውሳ ለእናቷ የላከችው ነገር ነው፤ ይህም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። ወረቀቷ የተናገረችው ግን ከሁለቱም አይደለም፤ ከመስመሩ ያልወጣ፣ ከላይ የተጨመረ ነው። እኔ ወረቀቷን አፈርሳለሁ ብዬ የተነሣሁት ሰው፣ የመታሁት የእህቴን ስጦታ ሆነ። ለምን? መልሱ ያሳፍረኛል። የእናቴ ጤንነት አስጨንቆኝ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ከጭንቀቱ ጋር ሌላ ነገርም ነበር። በየወሩ ገንዘብ የምትልከው እህቴ ናት፤ እናቴ ስሟን የምታነሣው እሷን ነው። እኔ ግን ሐኪም ቤት የማመላልሰው፣ ወረፋ የምይዘው፣ አጠገቧ ያለሁት ልጅ ነኝ። ያን ቀን ሎሚውን ስጨምቅ፣ ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ላኪዋንም ማሳነስ ፈልጌ ነበር። እውነትን ያገኘሁት ለመርታት የሚመች መሣሪያ ሆና ነው። ለመርታት የሚናገር ሰው ደግሞ አይጠይቅም። «እማዬ፣ ክኒኑን ለምን ተውሽው?» የምትለውን አንዲት ጥያቄ ሎሚ ከመቁረጤ በፊት ብጠይቃት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሐኪሟ ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጧትም፤ ለቅዳሴ የሚያመቻት ሌላ ዓይነት መድኃኒት ቀየሩላት። ግፊቷም ከዚያ በኋላ ወረደ።

ያበላሸሁትን ለማስተካከል ሞከርኩ። መኪና ቀለም ከሚቀባ ወዳጄ ዘንድ በውሃ የሚሠራበትን ልስልስ ብርጭቆ ወረቀት ለመንኩ። ሥራው በደረጃ የሚሄድ ነው፤ ሸካራው የተወውን ጭረት ልስልሱ ያጠፋዋል፣ የልስልሱን ደግሞ ከሱ የባሰው ልስልስ። ሦስት ማታ ፈተግሁ። የአውራ ጣቴ ቆዳ ተላጠ። ነጩ ቦታ ደብዘዝ አለ እንጂ ወለላው አልተመለሰም። ካልሳይት ለስላሳ በመሆኑ ብዙ ሲጫኑት ይጫራል፤ በሦስት አቅጣጫ በቀላሉ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ጠርዙ ይፈነከታል። በዚያን ጊዜ ነው የእናቴ ጥያቄ የተመለሰብኝ፤ «ማን ይሆን እንዲህ አድርጎ ያለሰለሰው?»

ወረቀቷ ይህን አትናገርም። ከየት እንደተቆፈረ እንኳ አትጠቅስም። በማዳጋስካር ብዙ ሰው እንዲህ ያሉትን ማዕድናት የሚያወጣው በአካፋና በዶማ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ የሚቆርጥ አለ፣ በውሃና በአሸዋ የሚፈትግ አለ፣ በጨርቅ የሚወለውል አለ። የእናቴ ድንጋይ የነዚህ ሰዎች ይሁን የሌሎች፣ አንድ ሰው ጣቱን አድክሞበታል። በአሥራ ሁለት ዶላር ውስጥ የእሱ ድርሻ ስንት ይሆን? ድንጋዩ የያዘው ሦስተኛ እውነት ይህ ነው። እኔ በሎሚ ጠብታ ባንድ አፍታ ያጠፋሁት ካልሲየም ካርቦኔቱን አልነበረም፤ እሱማ እንዳለ ነው። ያጠፋሁት የዚያን ሰው ድካም ነው።

አሁን ድንጋዩ እዚያው ኮሞዲኖ ላይ ነው። እህቴ ስትደውል እናቴ በአንድ እጇ ስልኩን፣ በሌላው ድንጋዩን ትይዛለች፤ አውራ ጣቷም ሻካራው ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። አንድ ቀን «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እንደነበረ ልመልሰው አልቻልኩም» አልኳት። «ተወው» አለችኝ። «ልሙጡ የእሷ ነው፤ ይኼ ደግሞ ያንተ። በጨለማም ብይዘው አይጠፋኝም።»

ይህን ያለችው ልታጽናናኝ ይሁን ልትገሥጸኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምናልባት ለእናት ሁለቱ አንድ ይሆኑ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ትክክል መሆኔን ርግጠኛ ስሆን ሎሚ ከማንሣቴ በፊት ራሴን የምጠይቀው ነገር አለ፤ ይህን የምናገረው ለሰውየው ብዬ ነው፣ ወይስ በሰውየው ላይ? መልሱን ሁልጊዜ አላውቀውም።